የማርሊስ ቦድዊን ቢጫ መለኪያ

ሴንት ኦዲል ወደብ ላይ ማርሊስ ቦድዊንን የማያውቅ የለም፤ የሚያውቋት ሁሉ ግን ከወገቧ በላይ ብቻ ነው የሚያውቋት ይባላል። ዕድሜዋን ሙሉ ከዓሣ መበለቻው ጠረጴዛ ጀርባ ቆማ ስለኖረች ነው። እጇ ፈጣን ነው። ከቺካጎ የመጣ ደንበኛ ቢራውን ከፍቶ አንዴ እንኳ ሳይጎነጭለት፣ ክንድ የሚያህለውን ሳልሞን ከአጥንቱ ለይታ በረዶ ላይ ታጋድመዋለች። እየበለተች ታወራለች፣ እያወራች ትስቃለች። የማን ልጅ የት ኮሌጅ እንደገባ፣ የማን ላም መንታ እንደወለደች የሚሰማው ከእሷ ጠረጴዛ ነው።

ቂም ግን ትይዛለች። ይህንን ራሷም አትክድም። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሲመረጡ ቦታዋን የነጠቀቻት ሴት ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች፤ ማርሊስ ግን እስካሁን የዚያችን ሴት ዓሣ ስትበልት ቅርፊቱን በደንብ አትፍቅላትም። ለምን ሲሏት፣ «ሆን ብዬ ነው፤ እሷም ታውቃለች» ትላለች።

ባሏ ኖርበርት ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ቂም የሚባል ነገር አያውቅም። ከሚሺጋን ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካሉት የቤልጂየም ዘር ገበሬዎች ተወልዶ፣ ጎህ ሳይቀድ ላም ማለብ አልወድም ብሎ ወደ ውሃው የወረደ ሰው ነው። ጀልባውን በሚስቱ ስም «ማርሊስ ቢ» ብሎ ሰየማት። እሱ መሪው ላይ፣ እሷ ከኋላ ከማጥመጃ ዘንጎቹ ጋር ሆነው፣ ደንበኛ እያሳፈሩ ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ሳልሞን ሲያጠምዱ አረጁ።

የእነሱ አጠማመድ መንጠቆ ጥሎ መጠበቅ አይደለም። ጀልባዋ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ ከኋላዋ በቀጭን የብረት ገመድ አንድ ከባድ አሎሎ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ የሚያብረቀርቀው ማባበያ ከአሎሎው ጥቂት ራቅ ብሎ እየተጎተተ ይከተላል። ጣጣው ያለው ከታች ነው። ላይኛው ውሃ ወደ ደቡብ ሲሄድ የታችኛው ወደ ሰሜን ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ካፒቴኑ መሪው ላይ የሚያየው ፍጥነት፣ ማባበያው ከታች የሚሄድበት ፍጥነት አይደለም። ሳልሞን ደግሞ ቅብጥ ነው። በፋራናይት አርባ አምስት ዲግሪ አካባቢ የሆነውን ቀዝቃዛ ውሃ መርጦ ይቀመጣል፤ ማባበያው ትንሽ ከፈጠነ ወይም ከተጎለተ ዞር ብሎም አያየው። ለዚህ ነው ካፒቴኖቹ ከአሎሎው በላይ ገመዱ ላይ መለኪያ የሚያስሩት። መለኪያው የጥልቁን ፍጥነትና ሙቀት ላይ ላለው ስክሪን ይነግራል።

ኖርበርት መለኪያ ኖሮት አያውቅም። ገመዱ ወደ ኋላ ስንት እንዳዘነበለ አይቶ የታችኛውን ፍሰት ያውቀው ነበር። በዚያ ዓይኑ የወደቡን የነሐሴ ውድድር ደጋግሞ አሸንፏል። የዚያ ውድድር ሽልማት ዋንጫ አይደለም። ኬርሚስ የሚሉት የመኸር በዓላቸው ሲደርስ ቡያ የሚባለውን ሾርባ፣ ዶሮውንና የበሬ ሥጋውን ከአትክልት ጋር በትልቅ ድስት ሲንተከተክ የሚያድረውን፣ በረጅሙ የእንጨት ማማሰያ የሚያማስለውና ለሕዝቡ የሚጨልፈው ያሸነፈው ካፒቴን ነው። ለሴንት ኦዲል ሰው ከዚህ የበለጠ ክብር የለም። ኖርበርት ማማሰያውን ይዞ ሲቆም እንፋሎቱ መነጽሩን እየሸፈነው ይስቅ ነበር።

ኋላ ስኳር ያዘው፤ ስኳሩ ዓይኑን ያዘው። የገመዱን ዘንበል ማለት መለየት ሲያቅተው ማርሊስ መለኪያ እንግዛ አለችው። እሱ ግን ዱዌን አለ አይደል ወይ፣ ለምን ሁለት እንገዛለን አላት።

ዱዌን ቫንደርቲ ጓደኛ ጀልባው ነበር። በዚያ ወደብ በሬዲዮ መዋሸት ነውር አይደለም፣ እንዲያውም ጨዋታ ነው። ሰማንያ ጫማ ላይ ዓሣ ያገኘ ካፒቴን መቶ ሃያ ጫማ ላይ ነኝ ይላል፤ የሚሰማውም ይስቃል እንጂ አያምንም። ለጓደኛ ጀልባ ግን አይዋሽም። ሁለት ካፒቴኖች ጓደኛ ጀልባ ለመሆን ከተጨባበጡ፣ የራሳቸውን የሬዲዮ መስመር መርጠው፣ ጎን ለጎን እየሄዱ፣ የሚያዩትን ቁጥር እንዳለ ይነጋገራሉ። ከዚህ ሌላ ሕግ የላቸውም፤ ይህን የጣሰ ሰውም ተሰምቶ አይታወቅም ነበር።

ዱዌን ቁጥሩን እየነገረው ኖርበርት ሦስት የማጥመጃ ወቅት አጠመደ። ሦስቱንም ባዶውን ገባ ማለት ይቻላል። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ጀልባ ሄዱ። ዱዌን ግን «አይቀሬ» ብሎ በሰየማት ጀልባው ሦስቱንም ጊዜ አሸነፈ። በኬርሚስ ማማሰያውን ይዞ ቆሞ፣ ኖርበርት ሰልፍ ውስጥ ሲመጣ ሲያይ፣ «ለሽርሽር ካፒቴናችን መንገድ ልቀቁ፤ እሱ ዓሣ አያስቸግርም፣ ሐይቁን ብቻ ነው የሚያስጎበኘው» ይልና የመጀመሪያውን ሳህን ይሰጠው ነበር። ሰው ይስቃል። ኖርበርትም ይስቃል። «የሽርሽር ካፒቴን» የሚለው ስም እንደ ቅጽል ተለጠፈበት። ቤት ሲገባ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ማርሊስ፣ እኔ እንጃ፣ እጄ ጠፍቶብኛል» ይላት ነበር። ከሦስተኛው ወቅት በኋላ በበረዶው ወራት ልቡ ቆመ። እጁ እንደጠፋበት አምኖ ነው የሞተው።

ማርሊስ እውነቱን የሰማችው በተከታዩ ጸደይ ነው፤ ያውም ካፖርት ስትፈልግ። ዓርብ ነበር። መሸታ ቤቱ የተጠበሰ ዓሣ ሊበላ በመጣ ሰው ጢም ብሏል፤ እሷ ከበሩ አጠገብ ካለው የካፖርት መስቀያ ጀርባ ገብታ የራሷን ትፈልጋለች። ከመስቀያው ወዲያ ዱዌን ብራንዲውን ይዞ፣ በቅርቡ ከሚልዋኪ ለመጣ አንድ ካፒቴን ሙያ ያስተምራል።

«ኖርበርትን?» አለ ዱዌን። «ፍጥነቱ ላይ ሦስት አስረኛ ማይል እጨምርለታለሁ፣ ጥልቀቱ ላይ ሃያ ጫማ። ባዶ ውሃ ሲጎትት ከረመ። አንድ ቀን አልጠረጠረኝም። እንዲያውም ያመሰግነኝ ነበር።»

እንግዳው ካፒቴን አልሳቀም። ማርሊስ ካፖርቷን ሳታገኝ ወጣች።

ለማንም አልተናገረችም፤ ለኖርበርት ታላቅ እህት ለሊዮላ ብቻ ነገረቻት። ሊዮላ ሰባዎቹን አጋምሳለች፣ ጉልበቷ ደክሟል፣ ምላሷ ግን እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ነው።  ነገሩን እንደሰማች የዱዌንን መኪና አራቱንም ጎማ ዛሬውኑ እንብሳው አለች።

«ጎማ ይቀየራል» አለቻት ማርሊስ።

«ታዲያ ምን ይሻላል? ንገሪያቸው ለሰዎቹ።»

ማርሊስ ይህንንም አስባበት ነበር። ብትናገር ዱዌን ስቆ ቀልድ ነው ይላል፤ ሰው ደግሞ ምስኪን፣ ባሏን ስላጣች ነው ይላል። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። ዱዌን ኖርበርትን እንደዋሸው በራሱ አፍ፣ በነሐሴው ውድድር፣ ሚዛኑ ፊት፣ ወደቡ ሁሉ ቆሞ እየሰማ እንዲናገር። «የሽርሽር ካፒቴን» የሚለውን ስም የሰጠው እሱ ነው፤ የሚያነሳውም እሱ ነው። እንዴት እንደምታስተፋው ግን ገና አላወቀችም።

ዘዴውን ያገኘችው ጂን ላምፐርየር ሱቅ ውስጥ ነው። ጂን የማጥመጃ ዕቃ ይሸጣል፤ በውድድሩ ቀን ደግሞ ሚዛኑ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ማርሊስ ጀልባዋን ራሷ ልትነዳ እንዳሰበችና መለኪያ እንደምትፈልግ ስትነግረው ደስ አለው። ኖርበርት ቢሰማ ይኮራ ነበር አላት። ከዚያ ወሬ የሚወድ ሻጭ እንደሚያደርገው ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደረደረላት።

አንደኛው ቁጥሩን በገመዱ ውስጥ የሚልክ ነው። ገመዱ በፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ መልእክቱ በእሱ ሽቅብ ይወጣል። አይሳሳትም፤ ልባጡ አንድ ቦታ ከተላጠ ግን ድምፁ ይጠፋል። እንግዲህ ገመድሽን እንደ ሕፃን ማቀፍ ነው አላት። ሁለተኛው ድምፅ በውሃ ውስጥ እየላከ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ላለው ተቀባይ ይናገራል፤ አዲስ ስለሆነ የራሱ መለያ አለው፣ ከማንም ጋር አይምታታም። ጂን እሷን ብሆን ይህንን እወስድ ነበር አለ። ማርሊስ አገላብጣ አየችው። ዓይኗ ግን ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ ካርቶን ውስጥ ከነተቀባዩና ከነስክሪኑ ያለ አሮጌ ቢጫ መለኪያ ላይ ዐረፈ። የት እንዳየችው ታውቃለች። «አይቀሬ» ላይ ነው።

«እሱን ተዪው» አለ ጂን። «ወረቀት እንዳይበር ብጭንበት ነው የሚሻለው።»

«ምን ሆኖ?»

ጂን ሳቀ። አሮጌው ሁለት ቻናል ብቻ እንዳለው፣ ሁለት ጀልባ በአንድ ቻናል ላይ ሆነው ከተቀራረቡ አንዱ የሌላውን ድምፅ እንደሚሰማ ነገራት። ተቀባዩ የማን መለኪያ እንደሆነ አይለይም፤ ቀርቦ የጮኸውን ያምናል። ባትሪው አዲስ የሆነና ወደ ላይ ጠጋ ያለው መለኪያ፣ ከታች በደከመ ባትሪ የሚያንሾካሽከውን ይውጠዋል። ሰው ሁሉ የጣለው ለዚህ ነው። ዱዌን ብቻ ቀረ፤ እሱ ደግሞ ይህን ገንዘብ አውጥቼበታለሁ እያለ ሙጭጭ አለበት። ባትሪም ካልሞተበት አይቀይርም። ቻናሉንም ነክቶት አያውቅም፤ ከፋብሪካ እንደወጣ አንድ ላይ ነው ያለው።

ማርሊስ ቢጫውን አነሳችው። አቧራውን በመዳፏ ጠረገችለት።

«እንግዲያው ይህንን ስጠኝ» አለች። «ባትሪም ጨምርልኝ። ምርጡን።»

ጂን አያት፤ መለኪያውን አየ፤ መልሶ እሷን አየ።  ካርቶኑን በላስቲክ እያሰረ፣ «እኔ የሸጥኩልሽ የወረቀት መጫኛ ነው፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም» አላት።

ወደ ዱዌን ለመጠጋት ሰበብ መፈለግ አላስፈለጋትም። ራሱ መጣ። እሷና ሊዮላ ጀልባዋን ሲያጥቡ አይቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለኖርበርት ነፍስ ሲል ዘንድሮ ጓደኛ ጀልባዋ እንደሚሆን ነገራት። ሴት ብቻሽን እንዴት ትችይዋለሽ፣ ቁጥር እየሰጠሁሽ ጎን ለጎን እንሄዳለን አላት። በአካባቢው የነበሩት ካፒቴኖች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደግ ሰው ነው አሉ። ማርሊስ የረጠበ እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ዘረጋችለት። ተጨባበጡ።

ሊዮላ እሱ እስኪርቅ ጠብቃ፣ «ያንን እጅሽን በሳሙና ታጠቢው» አለቻት።

ከውድድሩ በፊት አንድ የሥራ ቀን ለልምምድ ወጡ። ማርሊስ ያን ቀን መለኪያዋን ውሃ ውስጥ አልጨመረችውም፤ ባልዲ ውስጥ ጀልባዋ ወለል ላይ አስቀመጠችው። ስክሪኗን ብቻ ከፍታ ወደ «አይቀሬ» ጠጋ አለች። ትንሽ ቆየና ስክሪኑ ነፍስ ዘራ። አርባ ስድስት ዲግሪ፣ ሁለት ነጥብ ሁለት ማይል። የዱዌን መለኪያ ከጥልቁ ሆኖ የሚናገረውን እሷ ጀልባዋ ላይ ሆና ትሰማዋለች። ሬዲዮውን አንስታ፣ በሁለቱ መስመር፣ ከታች ስንት እያየህ ነው ብላ በትሕትና ጠየቀችው።

«ሁለት ነጥብ አምስት ነኝ፣ ማርሊስዬ» አለ ዱዌን። «አንቺም እዚያው አድርጊው።»

ሦስት አስረኛ። ከኖርበርት ጊዜ ጀምሮ ለመቀየር እንኳ አልደከመበትም። ማርሊስ አመሰገነችው። ሬዲዮውን መልሳ ሰቀለችው።  ሊዮላ እያየቻት፣ ባሏ በየቀኑ ያንን ድምፅ እየሰማ እንዴት አመሰግናለሁ ሲል እንደነበር ታስባለች ብላ ገመተች። ልክ ነበረች።

የውድድሩ ቀን ነፋሱ ከምሥራቅ ነፈሰ። በዚያ ዳርቻ የምሥራቅ ነፋስ ማለት የሞቀው የላይ ውሃ ወደ እነሱ እየተገፋ መጥቶ፣ ቀዝቃዛውን ወደ ታች ይጫነዋል ማለት ነው። ካፒቴን ሁሉ ይህን ያውቃል። ማርሊስም ቤተ ክርስቲያን የምትሄደውን ያህል ለዚህ ነፋስ ጸልያ ነበር፤ ዱዌን ስክሪኑ ላይ ሙቅ ውሃ ቢያይ የሚገርመው አይኖርምና።

ሁለቱ ጀልባዎች ጎን ለጎን ሆነው ወጡ። ማርሊስ መሪውን ይዛለች፣ ሊዮላ ከኋላ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ አሎሎውን ታወርዳለች። ቢጫው መለኪያ አዲስ ባትሪ ጎርሶ፣ ሠላሳ ጫማ ብቻ ወረደ፤ ከዱዌን ጀልባ ሆድ ብዙም የማይርቅ፣ የሞቀ ውሃ ውስጥ። የዱዌን መለኪያ ሰማንያ ጫማ ላይ ሆኖ በአሮጌ ባትሪው ያንሾካሽካል።

ብዙም አልቆየ፣ የዱዌን ድምፅ በሬዲዮ መጣ። ውሃው ምን ሆኗል አለ። ያንቺስ መለኪያ ምን ይላል አላት።

«የእኔ ስልሳ አንድ ይላል» አለች ማርሊስ። እውነቷን ነው። ያንን ቀን ከአንደበቷ አንድም ውሸት አልወጣም፤ ኋላ ለቄሱ ስትናዘዝ በዚህ በኩል የምትለው ነገር አልነበራትም።

ዱዌን የእሷም የእሱም አንድ ዓይነት መሆኑን ሲሰማ ልቡ ዐረፈ። ቀዝቃዛው ውሃ ሰምጧል አለና አሎሎውን አወረደ። መቶ ጫማ። ስክሪኑ ያው ስልሳ አንድ ነው። መቶ ሃያ። ያው ነው። እዚህ ላይ ገመዱን ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ ወይም ዘንጎቹን በእጁ የዳሰሰ ሰው፣ አሎሎ ሲወርድ ቁጥር እንዴት ንቅንቅ አይልም ብሎ ይጠይቅ ነበር። የዚያ ወደብ ካፒቴኖች ግን ስክሪን ከለመዱ ወዲህ ገመድ ማየት ትተዋል። ዓይን ይሳሳታል፣ ቁጥር አይሳሳትም ይላሉ። ኖርበርት ብቻ ነበር እንደዚያ የማይለው።

ማርሊስ ለሊዮላ ትንሽ አውርጂው አለቻት። ሊዮላ ቢጫውን አምስት ጫማ ያህል ዝቅ አደረገችው። የዱዌን ስክሪን ስልሳ አንዱን ትቶ ሃምሳ ስምንት አለ። ቁጥሩ ተስፋ ሰጠው። ዱዌን በሬዲዮ፣ አገኘሁት፣ ወደ ታች እየቀዘቀዘ ነው ሲል ሰሙት፤ መቶ ሃምሳ ጫማ ወረደ። ሊዮላ እንደገና ዝቅ አደረገችለት። ሃምሳ ሰባት።

«ይሄ ሰውዬ» አለች ሊዮላ፣ «ዛሬ ቻይና ሳይደርስ አያቆምም።»

ከዚያ ማርሊስ ፍጥነት ጨመረች፤ ጥቂት ብቻ። ስክሪኑ በጣም ፈጠንክ ሲለው ዱዌን ሞተሩን ዝቅ አደረገ። እሷ ኋላ እንዳትቀድመው ሰፋ ያለ ዙር እየሠራች መልሳ ትጠጋዋለች፤ ሲፈጥን ትተወዋለች፣ ሲያዘግም ትጨምርለታለች። ማባበያዎቹ ከታች እንደ ሞተ ቅጠል ተንጠልጥለው ቀሩ። ሰማንያ ጫማ ላይ፣ ከዱዌን አሎሎ በላይ፣ ሳልሞኑ በመንጋ ያልፍ ነበር። የማርሊስ የዓሣ ማሳያ መሣሪያ ላይ ይታያታል። ልቧ አንዴ ተነሣባት። ዘንጎቿን ወደዚያ ብታወርድ ውድድሩን እሷ ማሸነፍ ትችል ነበር። ሊዮላም አይታዋለች፤ እናውርድ እንዴ ብላ ጠየቀቻት።

«ተዪው» አለች ማርሊስ። «እኔ ዛሬ ዓሣ ላጠምድ አልወጣሁም።»

ከሰዓት በኋላ ጀልባዎቹ ተመልሰው ሚዛኑ ፊት ተሰለፉ። ወደቡ በሰው ተሞልቷል፤ ልጆች ዓሣ ለማየት ይጋፋሉ። ከጎረቤት ወደብ የመጡ ወጣት ባልና ሚስት ሁሉንም በለጡ። ማርሊስ ባዶ እጇን ገባች። ዱዌንም ባዶ እጁን ገባ፤ ሦስት ዓመት ያሸነፈው ዱዌን፣ ጋብዞ ካሳፈራቸው ከወንድሞቹ ልጆች ጋር፣ አንድ ዓሣ ሳይይዝ። ፊቱ ቀልቷል። መለኪያው ሞቶብኝ ነው እያለ ላገኘው ሁሉ ይናገራል። አሎሎዬን እስከ ሐይቁ ወለል አወረድኩት፣ ቁጥሩ ግን አልነቃነቅም አለ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ሊዮላ ያኔ ነው ባልዲዋን ይዛ ከጀልባዋ የወረደችው። ጉልበቷን ስለሚያማት ባልዲውን ሚዛኑ አጠገብ፣ ከዱዌን እግር ሥር፣ አስቀመጠችው። ቢጫው መለኪያ ከላይ ሆኖ ይታያል፤ የቻናሉ መቀየሪያ አንድ ላይ ነው።

ዱዌን ዝቅ ብሎ አየው። ቀስ እያለ ነው የገባው። መጀመሪያ አንገቱ ቀላ፣ ቀጥሎ ጆሮው።

«አንቺ ነሽ» አለ። «የራስሽን ቁጥር ስታበይኝ ነው የዋልሽው።»

ማርሊስ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ቆማለች። «በሬዲዮ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኩህ፣ ዱዌን» አለችው። «ኖርበርት ሲጠይቅህስ?»

«ያ ሌላ ነው» አለ ዱዌን። ሰው መኖሩን ረስቶታል። «ያ በሬዲዮ ነው። በሬዲዮ የሰማውን የሚያምን ካፒቴን ጥፋቱ የራሱ ነው። ሦስት አስረኛ ብጨምርበት ምን አለ፣ ዓይን ነበረው፣ ገመዱን አያይም ነበር? አንቺ ግን የገዛ ስክሪኔ ውስጥ ገባሽ።»

 ሚዛኑ ላይ የተንጠለጠለው ዓሣ ብቻ ይወዛወዛል። ጂን ላምፐርየር እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ፣ እንደማያውቅ ሰው ለስለስ አድርጎ ጠየቀ።

«ለማን ነው የጨመርክበት፣ ዱዌን?»

ዱዌን ያኔ ነው ዙሪያውን ያየው። ቀልድ ነበር አለ። ማንም አልሳቀም። የራሱ የወንድም ልጆች እንኳ ጫማቸውን ያዩ ነበር። ከሚልዋኪ የመጣው ካፒቴን ከኋላ ሆኖ፣ እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ሃያ ጫማም ጨምሬበታለሁ ብሎኛል አለ። የኖርበርት ዕድሜ እኩያ የሆነ አንድ አሮጌ ካፒቴን ባርኔጣውን አውልቆ ወደ «ማርሊስ ቢ» አየና መልሶ አጠለቀው። ዱዌን በሰዎቹ መካከል አልፎ ሄደ። መንገድ ለቀቁለት፤ ትከሻውን መታ ያደረገው ግን አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጓደኛ ጀልባ የሚሆነው ካፒቴን አላገኘም፤ እስከ ዛሬም ብቻውን ነው የሚወጣው።

ቤት ሲደርሱ ሊዮላ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ፣ «እሺ፣ አንጀትሽ ቅቤ ጠጣ?» አለቻት።

ማርሊስ የኖርበርትን ወንበር እያየች፣ ጠጣ አለች። ቀጥላም፣ እሱ ቢኖር አይወድልኝም ነበር አለች። ሊዮላ ወንድሟን ታውቀዋለችና አልተከራከረችም፤ «ለዚህ ነዋ አንቺን ያገባው» አለቻት።

ኬርሚስ ደረሰ። ያሸነፉት ባልና ሚስት ቡያ ቀምሰው እንጂ ሠርተው አያውቁም። ወደ ማርሊስ መጥተው ማማሰያውን ያዢልን አሏት። እንፋሎቱ ፊቷን እያጠባት ስታማስል፣ ሰዎች ሳህናቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ስለ ኖርበርት አንድ አንድ ነገር ጣል እያደረጉ ያልፉ ነበር፤ ስለ ዓይኑ፣ ስለ ገመዱ፣ አንድ ጊዜ ጭጋግ ውስጥ ያለ ምንም መሣሪያ ወደብ እንዳስገባቸው። «የሽርሽር ካፒቴን» ያለ ሰው የለም። ድስቱ ሳይጋመስ ያ ስም ከነበረበት ጠፋ።

ዱዌን አልመጣም። ሚስቱ አርሊን ግን መጣች፤ ምስኪን ሴት ናት፣ ባሏ ስላደረገው እሷ ታፍራለች። ባልዲ ይዛ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ ትንሽ አሞታል፣ ቤት ይዤለት ልሂድ ብዬ ነው አለች። ማርሊስ ባልዲውን ተቀብላ እስከ አፉ ሞላችላት፤ ምርጥ ምርጡን የዶሮ ሥጋ እየመረጠች። ክዳኑን ገጥማ ከሰጠቻት በኋላ እጇን አልለቀቀቻትም።

«አርሊን፣ ከእሳት ላይ የወጣ ነውና እንዳያቃጥለው በዪው» አለች። «ስንት ዲግሪ እንደሆነ ግን ማንንም አይጠይቅ። ጣቱን ከቶ ራሱ ይለካው።»